እግሩ የተቆረጠው የእንግዳ ወንበር

ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን ሊጠየቅ ይገባዋል የሚል ካለ፣ እሱ ስለ ሌሊት ፕሮግራም ምንም የማያውቅ የዋህ ነው። መጠየቅ ክብር ነው፤ ክብር ደግሞ ለሁሉም አይዳረስም። በዚያች ከተማ ይህን ክብር የሚያድለው የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ታላቅ ሕግ ነበረው፦ በሌላ ጣቢያ ያልተጠየቀ ሰው እዚህ አይጠየቅም። ሕጉ ጥልቅ ነው። ማንም ጠይቆት የማያውቅ ሰው ምን እንደሚናገር አይታወቅም። ምን እንደሚናገር የማይታወቅ ሰው ደግሞ፣ እንኳን ካሜራ ፊት፣ ሠርግ ቤትም ከሙሽራ አጠገብ አያስቀምጡትም።

ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው እንግዳ መራጩ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በስልክ ሲያወራ እንኳ ለማያየው ሰው አንገቱን የሚሰብር ሰው ነው። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ደውሎ ጨዋታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። የሚያስቀውን ከማያስቀው ይለያል፤ የረዘመውን ያሳጥራል፤ እውነት የሆነ ነገር ካለበትም እንደ ዓሣ እሾህ በጥንቃቄ ነቅሶ ያወጣዋል። ከዚያ ጥያቄውን በካርድ ላይ፣ መልሱን ከጥያቄው ሥር ጽፎ ለፕሮግራሙ አቅራቢ ይሰጣል። አቅራቢው በመጀመሪያ መልሱን ያጠናል፣ ቀጥሎ ጥያቄውን ይጠይቃል፣ መልሱ ሲመጣም «አላውቅም ነበር» ብሎ ይገረማል።

የመገረሙም ልክ ካርዱ ጥግ ላይ ተጽፏል። ትንሹ መገረም አንድ ቅንድብ ነው። መካከለኛው ሁለት ቅንድብ ነው። ትልቁ መገረም ከወንበር ብድግ ብሎ ጠረጴዛውን መዞር ነው፤ እሱ ግን የአቅራቢው ወገብ ስለማይችል ለታላላቅ ቀናት ብቻ ይቆጠባል።

ፕሮግራሙ የሌሊት ይባል እንጂ የሚቀረጸው በምሳ ሰዓት ነበር። ከአቅራቢው ጀርባ ከተማ በሌሊት የተሣለበት ሰፊ ሸራ ተዘርግቷል፤ ሰማዩ ላይ የተሰኩት ትንንሽ አምፖሎች ከዋክብት ናቸው። ውጭ ፀሐይ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስታንጫጫው፣ እሱ ከሥር ላቡን ጠርጎ «ደህና አመሻችሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ያላችሁ ወዳጆቼ» ይላል። አዳራሹን እንዲሞሉ የተጋበዙት ሰዎች ምሳቸውን ስላልበሉ ያዛጋሉ። ማዛጋታቸው ለሌሊቱ ድባብ ስለሚረዳ ማንም አይከለክላቸውም።

ስለ ወንበሩም መናገር ግድ ነው። አቅራቢው አጭር ነበር ማለት ነውር ስለሆነ፣ እንግዶቹ ረጃጅም ነበሩ እንላለን። አንድ ጊዜ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መጥቶ ቁልቁል ሲያየው፣ በማግስቱ አናጢ ተጠርቶ ከእንግዳው ወንበር እግሮች ትንሽ ትንሽ ቆረጠ። ሌላ ረጅም እንግዳ ሲመጣ አናጢው እንደገና ተጠራ።

«የእርስዎን ወንበር ከፍ ባደርገውስ?» ብሎ ጠየቀ አናጢው።

«እኔ ራሴን ከፍ የማደርግ ሰው አይደለሁም» አለ አቅራቢው።

ትሕትና ማለት ይህ ነው። በዚህ ትሕትና ምክንያት ወንበሩ ከዓመት ዓመት ወርዶ ወርዶ፣ የተቀመጠበት ሰው ጉልበቱ አገጩን የሚነካበት ደረጃ ላይ ደረሰ። ዳኛም ይሁን ቦክሰኛ፣ እዚያ ላይ ሲቀመጥ መስታወት ሰብሮ የተጠራ ተማሪ ይመስላል። ሁሉም ደግሞ ደስ እያለው ይቀመጥ ነበር።

ታዲያ አንድ ሰኞ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ መራጩን አስጠራው። ቢሮው ውስጥ የአቅራቢው የሚስት ወንድም እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ተመልካች ቀንሷል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ባካሄድነው ጥናት መሠረት ሕዝቡ ሌሊት ሌሊት መተኛት ጀምሯል። ይህ አዝማሚያ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።»

«ልክ ነው ጌታዬ።»

«ዓርብ ታላቅ እንግዳ ካላቀረብክ፣ ሥራህን ለዚህ ወንድማችን ታስረክብና አንተ ምድር ቤት ወደ አሮጌ ካሴቶች ክፍል ትወርዳለህ።»

መራጩ ወደ ሚስት ወንድም ዞረ። «ወንድማችን እንግዳ የመምረጥ ልምድ አላቸው?»

«አለኝ እንጂ» አለ የሚስት ወንድም። «በእኅቴ ሠርግ ማን ይጠራ፣ ማን ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያኮረፈ ዘመድ አለ።»

መራጩ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ፣ አንድ የማያውቀው ኩባያ ከነማንኪያው ተቀምጦ ጠበቀው።

ቤቱ ሲደርስ በሩን የከፈቱለት እንደ ልማዳቸው አማቱ ነበሩ። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ተረኛ ካልሆነች ተኝታለች፣ ካልተኛች ተረኛ ናት። አማቱ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ሰው ሲያወራ ዓይን ዓይኑን የሚያዩ ሴት ናቸው። ሁልጊዜ በሩን ሲከፍቱ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው።

«ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ምን በላህ?»

መራጩ ሁልጊዜ የሚያዘው እዚህ ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስጠይቅ የሚውለውን ይህን ሰው በዓለም ላይ የሚጠይቀው አንድ ሰው እሳቸው ነበሩ፤ ያውም መልሱን ሳያውቁ። አለመብላቱን ያምናል፤ ቀጥሎ ለምን እንዳልበላ ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ሆዱ እንደ ተፈታ ቋጠሮ ነው። የዚያን ማታም ስለ ዓርብ፣ ስለ ምድር ቤቱና ስለ ኩባያው አንድ ሳያስቀር ነገራቸው።

«ኩባያውን አላነሣኸውም?»

«ማንኪያም አለበት እማማ።»

«ማንኪያ ካመጣ ሊከርም ነው» አሉ አማቱ፣ ፊታቸው ከበድ ብሎ። ዳቦ ቆርሰው እጁ ላይ ካስቀመጡለት በኋላ ግን ትንሽ አሰቡና «እኔንም ዓርብ ውሰደኝ። ያን አቅራቢ ልጅ በዓይኔ ልየው። ሰው ሲነግሩት እንዴት ይደነቃል። አንተም እንደሱ መደነቅ ብትለምድ ጥሩ ነበር» አሉት።

መራጩ አንድ ቅንድብ፣ ሁለት ቅንድብ ብሎ ሊያስረዳቸው አሰበና ተወው። የአዛውንት ደስታ ማበላሸት ኃጢአት ነው።

በማግስቱ በከተማዋ ወደሚገኘው ዝነኛ ተዋናይ ደወለ። ያነሣው አማካሪው ነበር፤ ታላላቅ ሰዎች ስልክ የሚያነሡት በአማካሪ እጅ ነውና።

«ስለ አዲሱ ፊልማቸው እንጠይቃቸው?» አለ መራጩ።

«ስለ ፊልሙ ብዙ ተብሏል። ይቅር።»

«ስለ ልጅነታቸውስ?»

«ልጅነታቸው ለመጽሐፍ አሳታሚ ተሸጧል።»

«ስለ ቤተሰባቸው?»

«ስለ የትኛው?» አለ አማካሪው። መራጩ ያንን ካርድ ቀስ ብሎ ቀደደው።

«እሺ፣ እንዴት ነዎት ማለት ይቻላል?»

«ማለት ይቻላል። መልስ ግን እንዳይጠበቅ።»

«ታዲያ ምን ይጫወቱልን?»

ከወዲያኛው ጫፍ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «አንድ የአውራ ዶሮ ጨዋታ አለቻቸው። ቀረጻ ላይ ሳሉ አውራ ዶሮ አባሯቸው ዛፍ ላይ ወጥተዋል።»

«እውነት ነው?»

«ዶሮው እውነት ነው» አለ አማካሪው።

የዶሮው ጉዳይ በሥራ አስኪያጁ ሰብሳቢነት ለውይይት ቀረበ። አቅራቢው ካርዱን ደጋግሞ አነበበ።

«ዶሮው ከእኔ በላይ ያስቃል?»

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ» አለ መራጩ።

«ይህ ዛፍ ግን ምን ያደርጋል? እንግዳ እንዲህ ከፍ ሲል አልወድም። አጥር ይሁን።»

«አጥር እናድርገው።»

«አጥሩም አጭር ይሁን።»

ተስማሙ። ለዶሮውም ትልቁ መገረም ተፈቀደለት። አቅራቢው ሳምንቱን ሙሉ ብድግ እያለ ጠረጴዛ ሲዞር ሰነበተ፤ ወገቡን በቅባት ያሹለት ነበር።

ዓርብ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፤ አማቱም ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከዋክብቱ በሩ። አቅራቢው እንደ ወጉ በመኳኳያ ክፍሉ ተዘግቶበት ነበር፤ መደነቁ እንዳይበላሽ እንግዳውን ከቀረጻ በፊት አያይም። የቀረው እንግዳው ብቻ ነበር። በሱ ፈንታ አማካሪው ደወለ።

«ተዋናዩ ሌላኛው ጣቢያ ናቸው» አለ።

«ምን ያደርጋሉ እዚያ?»

«ስለ ዶሮው ያወራሉ። እዚያ ዛፉን ፈቅደውላቸዋል።»

መራጩ ስልኩን ዘጋ። ከመጋረጃው ጥግ የአቅራቢው የሚስት ወንድም ኩባያውን ይዞ፣ በማንኪያው እያማሰለ ያየዋል። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና «ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይቀረጽም» አለ። «ሰው አስቀምጥበት፣ ወይ ምድር ቤት ውረድ።»

መራጩ ዓይኑን ወደ አዳራሹ ወረወረ። አማቱ አዩት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ ድምፅ ሳያወጡ «ምሳ በልተሃል?» አሉት።

እጃቸውን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ሲያመጣቸው ሥራ አስኪያጁ መንገድ ዘጋ።

«ሕጉን ታውቃለህ። እኚህ ሴት በሌላ ጣቢያ ተጠይቀው ያውቃሉ?»

መልሱን የሰጡት አማቱ ነበሩ።

«የጎረቤት ቤት የተሰረቀ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ተጠይቄያለሁ። ሁለት ጊዜ አመላልሰውኛል።»

«ጣቢያ ጣቢያ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ አሳለፋቸውም።

«ምን ልበል ልጄ?» አሉ አማቱ በሹክሹክታ።

«የሚጠይቅዎትን ይመልሱ እማማ። ስለ አውራ ዶሮ ይጠይቅዎታል።»

«ዶሮ የለኝም።»

«ግድ የለም። እሱ አለው።»

አማቱ ወደ ብርሃኑ ወጡ። የእንግዳውን ወንበር ከላይ ወደ ታች አዩት፤ ለነገሩ ከላይ ወደ ታች ካልሆነ በሌላ መንገድ የሚታይ አልነበረም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንበርዎ ነው» አለ ጭብጨባ የሚመራው ሰው፣ «ሳቁ» የሚለውን ሰሌዳ ታቅፎ።

«ይሄማ ወንበር አይደለም፣ ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ከተቀመጥኩ የሚያነሣኝ የለም። ጉልበቴን ያመኛል» አሉና ዞረው የአቅራቢው ወንበር ላይ ተደላደሉ። ቦርሳቸውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

በዚሁ ቅጽበት ሙዚቃው ተነሣ። አቅራቢው እጁን እያውለበለበ ሮጦ ወጣ፤ ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርስ ወንበሩ ሰው አለበት። ቀረጻው ይቁም እንዳይባል፣ ማቆሚያውን የሚያውቀው ባለሙያ ምሳ ሄዷል። አቅራቢው ግራ ቀኙን አየ። ቆሞ ከሚቀር ብሎ ቀስ እያለ፣ እየወረደ፣ ገና እየወረደ፣ የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩን ነካው። ከጠረጴዛው በላይ የሚታየው ከግንባሩ ጀምሮ ያለው ነበር።

ይሁን እንጂ ባለሙያ ባለሙያ ነው። ካርዱን አወጣ።

«ደህና አመሹ፣ ታላቁ እንግዳችን።»

«እንደምን ዋልክ ልጄ» አሉ አማቱ፤ ገና እኩለ ቀን ነውና።

«በቅርቡ ቀረጻ ላይ ሳሉ አንድ አውራ ዶሮ ገጥሞዎት ነበር አሉ።»

«እኔን? ኧረ ዶሮም የለኝ።»

«አጥር ላይም ወጡ።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«አላውቅም ነበር» አለ አቅራቢው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ብሎም ትልቁን መገረም ሊገረም ብድግ አለ። ማለትም ብድግ ሊል ፈለገ። ወገቡ እምቢ አለ፤ ጉልበቱ አገጩን መታው፤ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሁለተኛ ሞከረ። በሦስተኛው ካርዶቹ ከእጁ አምልጠው ጠረጴዛው ሥር ተበተኑ። አዳራሹ ሳይታዘዝ ሳቀ። ሰሌዳ የያዘው ሰው ደንግጦ ሰሌዳውን አገላብጦ አየው፤ እሱ ገና አላነሣውም።

ሳቁ አለቀ። አቅራቢው ባዶ እጁን አየ። አማቱ ከላይ ሆነው ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ምን በላህ?»

አቅራቢው ካርድ ፍለጋ ወለሉን አየ። ካርድ የለም።

«ኧረ አልበላሁም» አለ። «ካሜራ ሆድ ያሳያል ብለውኝ፣ ይህን ፕሮግራም ከጀመርኩ ወዲህ ምሳ አልበላም። ማታ ቤቴ እገባለሁ። ሚስቴ እኔን በቴሌቪዥን ታያለች። ዛሬ እንዴት ዋልሽ ስላት፣ ‹ዝም በል እስቲ፣ ልስማህ› ትለኛለች።»

«አንተን ለመስማት?»

«አዎ። እኔን ለመስማት።»

«ይሄን ወንበርስ ማን ነው እንዲህ የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት» አለ አቅራቢው፤ እንባው ኩሉን ይዞ ወረደ። «እንዲህ ዝቅ ማለቱን አላውቅም ነበር።»

ያቺ «አላውቅም ነበር» አንድም ቅንድብ ሳታነሣ የወጣች የመጀመሪያዋ ነበረች። አማቱ ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አውጥተው ቆረሱለት። በተሣለ ሌሊት፣ በአምፖል ከዋክብት ሥር፣ እያለቀሰ በላ። ምሳውን ያልበላው አዳራሽም አብሮት ምራቁን ዋጠ። የመራጩ ዓይን ግን ዳቦው ላይ ነበር። ያ ዳቦ የማን ምሳ እንደነበር ያውቃል።

ፕሮግራሙ በተላለፈ ጊዜ ከተማዋ አልተኛችም። ሥራ አስኪያጁ መራጩን ጠርቶ እጁን ጨበጠው። «በተገኘው አመርቂ ውጤት መሠረት ሥራህ ላይ ትቆያለህ» አለው። የሚስት ወንድም ኩባያውን አንሥቶ ሄደ፤ ማንኪያውን ግን ለክፉ ቀን ትቶታል።

ቁም ነገር በጀመረበት እንዳይቀር ጣቢያው ወዲያው ሥርዓት አበጀለት። «ምሳ በልተሃል?» በካርድ ላይ ተጻፈ፤ «በልቻለሁ» ከሥሩ፤ «ምን በላህ?» ከሥሩ ሥር። ጥጉ ላይም የእንባው ልክ ሰፈረ፦ ትንሹ በአንድ ዓይን፣ ትልቁ በሁለት። ዳቦው ፍርፋሪ ስለሚያበዛ ከስፖንጅ ተሠራ። አማቱ የፕሮግራሙ ቋሚ ጠያቂ ተባሉ፤ የየሳምንቱን እንግዳ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ አቅራቢው አጠገባቸው በርጩማ ላይ ሆኖ ያለቅሳል። ዝቅ ያለ ከፍ ይላልና፣ አሁን እንግዳ ሁሉ ያን ወንበር ይመኝ ጀመር። አናጢው ተጠርቶ የቀረውን እግር ቆረጠ። የዝነኛው ተዋናይ አማካሪም ደወለ።

«ተዋናዩ ስለ ምሳ ለመጠየቅ ፈቃደኛ ናቸው» አለ። «ቁርስ ግን አይነካም።»

መራጩ ከማንም በላይ ሥራ በዛበት። ቀን እንግዶች ምን እንዳልበሉ በስልክ ይሰማል፤ ማታ ለአማቱ መልሱን ያስጠናል። አማቱ ትጉህ ተማሪ ሆኑ። መስታወት ፊት ቆመው ከንፈራቸውን ሲመጡ፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ያመሻሉ። ጎረቤቶችም «እንዴት ያሉ ሰው ወዳድ ናቸው» ይላሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን መራጩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ተጠርቶ ተመለሰ። ተመልካች እንደገና መተኛት ጀምሯል፤ ጠረጴዛው ላይ ያቺ ማንኪያ ኩባያዋን አግኝታ ቆየችው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። መንገዱን ሁሉ ግን ልቡ ተስፋ ነበረው፤ በሩ ይከፈታል፣ ይጠየቃል፣ ቋጠሮው ይፈታል።

በሩ ተከፈተ።

«ምሳ በልተሃል?» አሉት አማቱ።

ለዛሬ «በልቻለሁ» ብሎ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አቃተው።

«አልበላሁም እማማ። ኩባያው ተመልሷል። እኔ እንጃ፣ ዛሬስ ያበቃልኝ ይመስለኛል።»

አማቱ አላዩትም። ዓይናቸው ከግራ ትከሻው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በአዳራሹ ካሜራው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነበር።

«ምን በላህ?» አሉት።

«አልበላሁም አልኩዎት እኮ።»

አማቱ አንድ ቅንድባቸውን አነሡ።

«አላውቅም ነበር» አሉ።

ትንሹ መገረም ነበር።